የባህል ቀን አልፎ ሰኞ ሲመጣ

የባህል ቀን ሲከበር ልጆች የየቤተሰባቸውን የባህል ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፣ ወላጆች ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ መድረኩ ላይ ይዘፈናል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ርእሰ መምህሩም ስለ አንድነት ጥሩ ንግግር ያደርጋሉ። ሰኞ ቀን መመገቢያ አዳራሹን ብታዩት ግን አቀማመጡ ያው ነው። እነዚህ በዚህ ጥግ፣ እነዚያ በዚያ ጥግ። ቅጽል ስሙም፣ "ቀልድ ነው" እየተባለ የሚወረወረው ነገርም ንክች አላለም።

የባህል ቀን አይከበር ማለቴ አይደለም፤ ልጆች ይደሰቱበታል፣ ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው የሚመለሱ ወላጆችም ቢያንስ አንድ ቀን ገባ ይላሉ። የሚያሳስበኝ ዘረኝነትን ለመከላከል የተያዘው ጊዜና ጉልበት እዚያ ላይ ሲያልቅ ነው። የወጣቶችን አመለካከት የሚለውጠው አንዱ ያለሌላው የማይጨርሰው ሥራ ነው፤ እሱም በእኩልነት፣ ለሳምንታት ተደጋግሞ፣ ትልልቆቹ በግልጽ ከጎናቸው ቆመው ሲሠራ። ይህን ማዘጋጀት ይቻላል። ግን ሙያ ይጠይቃል፣ የሚበላሽበትም ቦታ ብዙ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ልጆች ቀለም አያዩም"

ይህ አባባል ከቅን ልብ የሚወጣ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ኬኔት ክላርክና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ልጆች ከቀለማቸው በቀር ምንም ልዩነት የሌላቸውን አሻንጉሊቶች አቅርበው "ጥሩው የቱ ነው? መጥፎ የሚመስለውስ?" እያሉ ጠይቀዋል። አብዛኞቹ ልጆች ጥሩ ያሉት ነጩን ነበር። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶችን በዘር መከፋፈል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን ይህ ጥናት ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግሞ በ2011 የወጣ ሥራ ደግሞ ጭፍን ጥላቻ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ከፍ እንደሚል፣ ከዚያ እስከ 10 ዓመት ገደማ በመጠኑ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአብዛኛው በልጁ ዙሪያ ባሉት ሰዎች የሚወሰን ነው።

ስለዚህ አፍላ የወጣትነት ዕድሜ እስኪደርሱ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። የ5 ዓመት ልጅ "የእሷ ቆዳ ለምን እንዲህ ሆነ?" ብላ ጮክ ብላ ስትጠይቅ አዋቂው ደንግጦ "እሽሽ! እንዲህ አይባልም" ካላት፣ የቆዳ ቀለም የሚያሳፍር ነገር መሆኑን አስተማራት ማለት ነው። ባጭሩ መመለስ ይሻላል፦ "ቆዳችን ውስጥ ቀለም የሚሰጥ ነገር አለ፤ አንዳንዱ ሰው ብዙ አለው፣ አንዳንዱ ጥቂት። ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው።" በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከዚህ በላይ አይፈልግም፤ መልሱን ይዞ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሰው "እኛ" እና "እነሱ" ለማለት ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚበቃው ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሄንሪ ታይፌል በ1970 ገደማ በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የ14ና የ15 ዓመት ወንድ ተማሪዎችን በሥዕል ምርጫቸው የተከፋፈሉ አስመስሎ በሁለት ቡድን አስቀመጣቸው። ልጆቹ የቡድናቸው አባል ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። ሆኖም ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ነጥብ ለሌሎች እንዲያካፍሉ ሲጠየቁ ለራሳቸው ወገን አደሉ። ይባስ ብሎም የራሳቸው ቡድን የሚያገኘው ቀንሶ እንኳ ከሌላው የሚበልጥበትን ልዩነት የመረጡ ብዙ ናቸው። በምንም ላይ ያልቆመ መከፋፈል ይህን ካደረገ፣ ከኋላው ታሪክና ጥቅም ያለው መከፋፈል ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ለአስተማሪና ለወጣት አስተባባሪ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ስምና ቀለም ያለው ቋሚ ቡድን አታቋቁሙ። ቡድኖችን በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ በጥናት ቀያይሩ። "የፈለጋችሁት ጋር ተቀመጡ" ማለት ያለውን መከፋፈል ማጽደቅ ነው።

አንድ ላይ መሆን ብቻውን አይበቃም

የሥነ ልቦና ባለሙያው ጎርደን ኦልፖርት በ1954 የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ጭፍን ጥላቻን እንዲቀንስ የሚያስፈልጉ አራት ሁኔታዎችን አስቀመጠ፦ በሥራው ውስጥ እኩል ደረጃ መኖር፣ የጋራ ግብ፣ መተባበር፣ የባለሥልጣን ድጋፍ። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ በተለያዩ ወገኖች መካከል የሚደረግ ግንኙነት በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ አራቱ ሁኔታዎች በተሟሉበት ደግሞ ውጤቱ እንደሚጠነክር አገኙ። አራቱ ካልተሟሉ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም፤ ግን ፕሮግራም የሚነድፍ ሰው የጎደለውን የሚፈልገው ከእነዚህ መሀል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እኩልነቱ ነው። አንዱ ወገን ሁልጊዜ ረጂ ሌላው ሁልጊዜ ተረጂ የሆነበት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የአገሬው ተማሪዎች ለመጤዎቹ የቤት ሥራ ብቻ የሚያስረዱበት፣ ደግ ሥራ ነው። የሚያስተምረው ግን "እነሱ አይችሉም" የሚለውን ነው። መጤው ልጅ የሚያስተምርበት ሰዓትም በፕሮግራሙ ውስጥ መኖር አለበት፤ ሒሳብ ይሁን፣ ካሜራ አያያዝ ይሁን፣ ቼዝ ይሁን፣ በእውነት የሚበልጥበት ነገር ተፈልጎ።

የጋራ ግቡም በእውነት የጋራ መሆኑ ይፈተሽ። ሌላው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 በኦክላሆማ የበጋ ካምፕ ውስጥ 22 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ሲያወዳድራቸው ባንዲራ እስከ ማቃጠልና መኝታ ቤት እስከ መውረር ደረሱ። አንድ ላይ ፊልም ማየትና መመገብ ጠቡን አላበረደውም፤ ገበታው ላይ ምግብ ተወራወሩ። የበረደው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥና መኪናው አልነሣም ሲል ሁለቱም ቡድን ካልተጋገዙ የማይፈታ ችግር ስለመጣ ነው። አጥኚዎቹ በልጆቹ ላይ ስላደረጉት ግፊት ብዙ ትችት ተጽፏል፤ ማንም ሊደግመው አይገባም። አብሮ መብላት አንድ ነገር፣ አብሮ መቸገርና አብሮ መፍታት ሌላ ነገር መሆኑን ግን ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሥራዎችም አጠናክረውታል።

ስፖርትን በተመለከተ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የወጣት ማዕከል ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ኳስ ነውና። ማት ሎው በህንድ ባደረገውና በ2021 በታተመው ጥናት ከተለያየ ካስት (በትውልድ ከሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ) የመጡ ወጣቶች ክሪኬት ተጫወቱ። ከሌላ ካስት ልጆች ጋር በአንድ ቡድን የተሰለፉት ከካስታቸው ውጪ ወዳጅ አበዙ፤ በተቃራኒ ቡድን በገጠሟቸው ላይ ግን ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሳልማ ሙሳ ደግሞ በኢራቅ በጦርነት የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች ያሉባቸውን የእግር ኳስ ቡድኖች ወስዳ በአንዳንዶቹ ሙስሊም ተጫዋቾች እንዲጨመሩ አደረገች። በ2020 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከሙስሊሞች ጋር የተጫወቱት አብሯቸው ለተሰለፈው ያላቸው አቀራረብ ተለወጠ፤ ከሜዳ ውጪ ለማያውቁት ሙስሊም ያላቸው ግን ያን ያህል አልተነካም። አንዱ ጥናት ስለ ካስት፣ ሌላው ስለ ሃይማኖት ቢሆንም መካሪነታቸው ለእኛም ነው። የአንድ ሰፈር ልጆችን በአንድ ቡድን፣ የሌላውን በሌላ ቡድን አድርጎ "የሰላም ዋንጫ" ማዘጋጀት ነገር ማባባስ ነው። ቡድኖቹ ራሳቸው ድብልቅ ይሁኑ፣ ከ6 ሳምንት ያላነሰ ይቆዩ፣ ከጨዋታው በኋላም ሜዳ ማስተካከል፣ ዳኝነት፣ የታናናሾች ሥልጠና ዓይነት ሥራ ይኑራቸው። ወዳጅነቱ ከሜዳው እንዲወጣ ሌላ መንገድ ካልተሠራለት እዚያው ይቀራል።

ክፍል ውስጥ፦ ቁርጥራጩን የማገጣጠም ዘዴ

አንድ ዘዴ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ኤልየት አሮንሰንና ባልደረቦቹ በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የጀመሩት ነው። በዘር የተከፋፈሉ ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ ነጭ፣ ጥቁርና ላቲን አሜሪካዊ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተገናኙ፤ ጠቡም ወዲያው ተነሣ። አጥኚዎቹ ያዩት እሳቱን የሚያቀጣጥለው የክፍሉ አሠራር ራሱ መሆኑን ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ ሃያ እጅ ይነሣል፣ አንዱ ይመረጣል፣ ሌሎቹ እንዲሳሳት ይመኙለታል። ቋንቋው ያልጠናለት ልጅ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 30 ተማሪ ያለበት ክፍል በ6 ቡድን ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 5 ሰው፣ በተቻለ መጠን በዘር፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ የተደባለቀ። የዕለቱ ትምህርት 5 ቦታ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ልጅ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ የራሱን ክፍል ብቻ ያገኛል፤ ሙሉውን ማንም አይዘውም። ለማንበብ 5 ደቂቃ ይሰጣል። ከዚያ ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው ልጆች ከየቡድናቸው ወጥተው ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ያልገባቸውን ይጠያየቃሉ፣ እንዴት እንደሚያስረዱት ይለማመዳሉ። ወደ ቡድናቸው ሲመለሱ እያንዳንዱ በ4 ደቂቃ ገደማ የያዘውን ያስተምራል። በመጨረሻ ሁሉም ስለ አምስቱም ክፍል በግል አጭር ፈተና ይፈተናል። ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃል።

ከባዱ ደቂቃ ይህ ነው። ቋንቋው ገና ያልጠናላት ልጅ ተራዋ ደርሶ ወረቀቱን ይዛ ትጀምራለች፣ ቃል ይጠፋባታል፣ ዝም ትላለች። አንዱ ዐይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል፣ ሌላው እስክሪብቶ ያሽከረክራል፣ ሦስተኛው "አታውቀውም በቃ" ይላል። እዚህ ላይ መምህሩ ቢቆጣ ወይም ልጅቷን ወክሎ ቢያስረዳ ሥራው ፈረሰ። ጠጋ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ "ፈተናው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው፣ ይህን ክፍል የያዘችው እሷ ብቻ ናት" ብሎ ወደ ሌላው ቡድን ማለፍ ይበቃዋል። ልጆቹ ፌዝ እንደማያዋጣቸው ሲያዩ ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራሉ፦ "መጀመሪያ የት ሄደ? ከዚያስ?" ጥሩ ጠያቂ መሆንን ይለማመዳሉ፤ እሷም ጥያቄውን ተከትላ የምታውቀውን ታወጣለች። አንድ ቀን አይበቃም። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት መሞከር አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትርምስ ናቸው፣ ብዙ መምህራን ዘዴውን የሚተዉትም ያኔ ነው።

ምን ምን ያበላሸዋል? አንዱ ክፍል ያለሌላው የማይገባ ከሆነ የመጨረሻው ልጅ ሲናገር ብቻ ነገሩ ይገለጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው የሚቆም መሆን አለበት። ማንበብ ለሚከብደው ልጅ ወረቀቱ በዋዜማው ይሰጠው። የቡድን ማርክ አትስጡ፤ ውጤቱ ዝቅ ሲል ጣት የሚቀሰረው በደካማው ልጅ ላይ ነው፣ ቂሙም ወደ ወገኑ ይዞራል። ብቻውን የሚያወራ ልጅ ሲኖር የሰዓት ጠባቂነቱን ለሌላ ስጡና በየዕለቱ አዘዋውሩት።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። የወረቀት እኩልነት ከተሰጠ በኋላም ልጆች ማን "ጎበዝ" ማን "ደካማ" እንደሆነ በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የሚቀመጡት፤ "ደካማ" የተባለው ትክክል ቢናገር እንኳ አይሰሙትም። መድኃኒቱ መምህሩ ያ ልጅ በእርግጥ ያደረገውን ነገር ለይቶ በሁሉም ፊት መናገሩ ነው፦ "ሥዕሉን ከጎን በኩል አይቶ ጉድለቱን ያገኘው እሱ ነው፤ ለሚቀጥለው ደረጃ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው።" "ጎበዝ፣ በርታ" ብቻ ማለት ልጆቹ የሚያውቁት የማባበያ ቃል ነውና አይሠራም። ውዳሴው እውነት፣ የተለየና ለሥራው የሚጠቅም ይሁን።

መጽሐፉን ከነግሱ መፈተሽ

የትምህርት ተመራማሪው ጄምስ ባንክስ ብዝኃ ባህል ወደ ትምህርት የሚገባበትን መንገድ በአራት ደረጃ ከፍሎታል። ዝቅተኛው ጀግኖችንና በዓላትን መጥቀስ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ምዕራፍ መጨመር፤ ሦስተኛው ታሪኩን ከሌላው ወገን ዐይን ጭምር እንደገና ማየት፤ አራተኛው ተማሪዎች ባወቁት ላይ ተመሥርተው አንድ ነገር እንዲያደርጉ ማድረግ። አብዛኛው ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ላይ ቆሟል።

ወደ ሦስተኛው ለመሻገር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ከ13 ዓመት በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ከታሪክ መጽሐፋቸው 10 ገጽ ስጡና ግሶቹን እንዲያሰምሩ አድርጉ። "መሬታቸውን አጡ" የሚል ዐረፍተ ነገር ያገኛሉ። ቁልፍ እንደሚጠፋ ነው የጠፋው? "መሬታቸው ተወሰደባቸው" ብለው ይጻፉት፤ አሁን ወሳጅ እንዳለ ታወቀ። ቀጥለው ማን እንደወሰደ ስሙን አስገብተው ይጻፉት። ሦስቱን ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ደርድሮ "የቱ ነው ብዙ የሚናገረው? ደራሲው የመጀመሪያውን ለምን መረጠ?" ብሎ መጠየቅ ከአንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል። ሥዕሎቹም ይቆጠሩ፦ ስም የተጻፈለት ማን ነው፣ ስም የሌለው ማን ነው፣ ሠርቶ የሚታየው ማን፣ ተሠርቶለት የሚታየው ማን።

በዚህ ትምህርት ላይ ትልቁ ስሕተት አንድን ልጅ የሕዝቡ ተጠሪ ማድረግ ነው። ስለ ባርነት ወይም ስለ ስደት ሲነሣ መምህሩ ወደ አንዷ ዞሮ "አንቺስ ምን ይሰማሻል?" ይላል፣ ክፍሉ ሁሉ አብሮ ይዞራል። ልጅቷ የአያቶቿን መከራ ለሠላሳ ሰው የማስረዳት ግዴታ የለባትም። መናገር ከፈለገች መንገዱ ይከፈትላት፤ ከትምህርቱ በፊት ለብቻዋ "ነገ ይህን እንማራለን" ብሎ መንገር ደግሞ ጨዋነት ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር የዐይን ቀለም ልምምዱን ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግሥት፣ በሚያዝያ 1968፣ ጄን ኤልየት የተባለች የአዮዋ አስተማሪ የ3ኛ ክፍል ልጆቿን በዐይናቸው ቀለም ለይታ አንዱን ወገን የበላይ አደረገች። ታሪኩ ልብ ይነካል። ግን ልጅን ሆን ብሎ ማዋረድ ያለበት ልምምድ ነው፤ ዘላቂ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳየው ማስረጃም ደካማ ነው። ድሮውንም በየቀኑ የሚዋረድ ልጅ በክፍሉ ካለ ደግሞ ሌላው ለአንድ ቀን ስለተጫወተው ነገር እሱ ይታመማል። አትሞክሩት።

ከክፍል ውጪ

የወጣት ማዕከል ከትምህርት ቤት የሚበልጥበት ነገር አለው፦ ማርክ የለም፣ ልጆቹ በፈቃዳቸው ይመጣሉ፣ ጊዜው ሰፊ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ደስ ያላለው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ስለዚህ "የፀረ ዘረኝነት ስብሰባ" ብሎ መጥራት የሚያመጣው ድሮውንም የተስማሙትን ነው። ሬዲዮ፣ አጭር ፊልም፣ የብስክሌት ጥገና፣ የግድግዳ ሥዕል ብሎ መጥራትና ውይይቱን በሥራው ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከ12 እስከ 16 ልጆች፣ ሁለት አስተባባሪ (ቢቻል ከተለያየ ወገን)፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ሰዓት፣ በመጨረሻም ለሌላ ሰው የሚታይ ውጤት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ስለ ዘር አንድም ቃል ባይነሣ አትጨነቁ፤ መተማመን ሳይኖር የሚነሣ ከባድ ጉዳይ ወይ ዝምታ ወይ ጠብ ይወልዳል።

በ2000 በዴንማርክ ሮስኪልዴ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተጀመረው የሰው ቤተ መጻሕፍትም ለወጣቶች የሚስማማ ነው። "መጽሐፍ" የሚሆነው ጭፍን አመለካከት የሚደርስበት ፈቃደኛ ሰው ነው፤ "አንባቢው" ቁጭ ብሎ ይጠይቀዋል። 25 ደቂቃ፣ ከ1 እስከ 4 አንባቢ። መጽሐፉ መመለስ የማይፈልገውን "ይህ ገጽ አልተጻፈም" ብሎ ማለፍ፣ ሲበቃውም መዝጋት ይችላል። በአንድ ቀን ከአራት ንባብ በላይ አታስጨንቁት፤ በየሁለቱ መሀል ዕረፍት ይኑረው። ልጆችን መጽሐፍ አታድርጉ።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚያየው እኩዮቹን ነው፤ የአዋቂ ምክር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኤልሳቤጥ ሌቪ ፓሉክና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በ56 ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ጥናት በ2016 ታትሟል። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ተማሪዎች ተመርጠው ጠብንና ማንገላታትን በገዛ ቃላቸው፣ በራሳቸው ፖስተርና የእጅ አንባር እንዲቃወሙ ተደረገ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ የተመዘገበው የተማሪ ጠብ ወደ 30 በመቶ ቀነሰ፤ የተመረጡት ልጆች ብዙ ሰው የሚያያቸው በሆኑበት ደግሞ ይበልጥ። ዋናው ነገር አመራረጡ ነው። መምህራን ምረጡ ሲባሉ ጨዋና ታዛዥ ልጆችን ይመርጣሉ፤ እነዚህ ግን ተደማጭ ላይሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎችን ሁሉ "በትርፍ ጊዜህ አብረህ የምትሆነው ከማን ጋር ነው? እስከ 10 ስም ጻፍ" ብሎ በወረቀት መጠየቅና ስማቸው የበዛውን ከየወገኑ መውሰድ ነው። ከእነሱ መሀል አስቸጋሪ የሚባል ልጅ ይኖራል። እሱ ራሱ ያስፈልጋል።

ነገሩ ሲባል

ፕሮግራሙ ምንም ያህል ቢያምር ልጆች የሚፈርዱት በዚህች ቅጽበት ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ እየተጫወቱ አንዱ ስለ ሌላው የቆዳ ቀለም አንድ ነገር ይላል፣ ሦስቱ ይስቃሉ፣ የተባለውም ልጅ አብሮ ይስቃል። አስተባባሪው ሰምቷል፤ መስማቱንም ሁሉም አይተዋል።

መጀመሪያ ጨዋታውን አስቁሙ። ድምፅ ሳይነሣ፣ ባጭሩ፦ "ያልከውን ሰምቼዋለሁ። ሰውን በቆዳው ማዋረድ ነው፣ እዚህ ቤት አይባልም።" ቃሉን እንጂ ልጁን አትሰይሙ፤ "አንተ ዘረኛ ነህ" ከተባለ ጭቅጭቁ ስለ እሱ ማንነት ይሆናል፣ የተሰደበው ይረሳል። "ቀልድ ነው" ሲል (ሁልጊዜ ይላል) "ለማሳቅ እንዳልከው ገብቶኛል፤ ግን የሚያስቀው የማን ውርደት ነው?" ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ በሰው ፊት ክርክር አይግጠሙ። ይህ ሁሉ ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። ጨዋታው ይቀጥል።

ቀጥሎ የተባለው ልጅ ነው እንጂ ተናጋሪው አይደለም። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል፤ ተናጋሪውን ቢሮ ወስደው ግማሽ ሰዓት ሲመክሩ ሌላው ብቻውን ይቀራል። አብሮ መሳቁ አያታላችሁ፤ መሳቅ ብዙ ጊዜ መከላከያ ነው። ሰው በሌለበት "የተባለው ልክ አልነበረም። ከዚህ በፊትም ደርሶብህ ያውቃል? ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ?" በሉት። መልስ ባይሰጥ አታስገድዱት፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና ጠይቁት። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስታረቅ የሚቻለው እሱ ከፈለገ ብቻ ነው።

ተናጋሪውን በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ለብቻው ያዙት። ቃሉን ከየት እንደሰማው መጠየቅ ብዙ ይገልጣል፤ ከኢንተርኔት ጨዋታ ቻት፣ ከታላቅ ወንድም፣ ከቤት። የሚያስከትለው ነገር ጉዳቱን የሚጠግን ይሁን። ከማዕከሉ ማባረር የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ የጥላቻ ቡድኖች የሚፈልጉት የተባረረና ኩርፍ ያለ ልጅ ነውና። ዛቻ ወይም ድብደባ ካለ ግን ይህ ሁሉ ይቀርና የልጆች ጥበቃ ሥርዓቱ ይተካል።

የሳቁት ሦስቱስ? በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት የትምህርት ቤት ማንገላታትን በካሜራ ተከታትሎ፣ ከ10 ጊዜ ወደ 9 የሚጠጋው ሌሎች ልጆች ባሉበት እንደሚፈጸም፣ ጣልቃ የሚገቡት ግን በ19 በመቶው ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ጣልቃ ሲገቡ ታዲያ ከግማሽ በላዩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። ስለዚህ ልጆች የሚሉትን አስቀድመው ይለማመዱ። ረጅም ንግግር አይደለም፤ "ተው እንጂ"፣ "አያስቅም"፣ ወይም ለተሰደበው "ና፣ እንሂድ" ብሎ ይዞት መውጣት። ሦስቱን በጥንድ ሆነው ጮክ ብለው ደጋግመው ይበሉት፤ አፍ ያልለመደው ቃል በጭንቅ ሰዓት አይወጣም። የተሰዳቢነቱን ሚና በእውነት የሚሰደበው ልጅ እንዳይጫወት ተጠንቀቁ።

ርእሰ መምህሩ "ይህ የእኛ ሥራ አይደለም" ካሉ የተባበሩት መንግሥታት በ1965 ያጸደቀውን የዘር መድልዎን የማስወገድ ስምምነት አንቀጽ 7 አሳዩአቸው፤ ፈራሚ አገሮች ጭፍን ጥላቻን በትምህርት እንዲዋጉ ያስገድዳል። ድጋፋቸው በጽሑፍ ይሁን፣ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን አይባልም፣ ሲባል ማን ምን ያደርጋል፣ በስንት ቀን።

ሥራው መሥራቱን ማወቅ

"ዘረኛ ነህ?" የሚል መጠይቅ አትበትኑ፤ ልጆች የምትፈልጉትን መልስ ያውቁታል። ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው መዝገብ ነው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል በቃሉ፣ ማን ነበር፣ አዋቂው ምን አደረገ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጎዳው ልጅ እንዴት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሩ ከፍ ይላል። አለቆች ይደነግጣሉ፣ ፕሮግራሙን ይወቅሳሉ። ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ብንናገር የሚሰማን አለ ብለው ማመን ስለጀመሩ ነው፤ ይህን ከመጀመሩ በፊት ለአለቆቹ መንገር ነው።

ሁለተኛው የአቀማመጥ ካርታ ነው። በወር አንድ ቀን፣ ሳይነገር፣ በምሳ ሰዓት 10 ደቂቃ ወስዶ የትኛው ጠረጴዛ ድብልቅ እንደሆነ በወረቀት ላይ መሣል፤ ስም አይጻፍም። የመዝገቡን ቦታዎችም እዚያው ላይ ምልክት አድርጉባቸው። ሦስት ወር ሲሞላ ነጥቦቹ አንድ ቦታ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከደረጃው ሥር፣ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ፣ ወይም አውቶቡስ መጠበቂያው ዘንድ፣ አዋቂ የማይቆምበት። በማግሥቱ አንድ አዋቂ እዚያ ይቁም።